የ1960ዎቹን ኮብራ በትክክል የምትመስል ኪት አመራረጥ

ኮብራ ሲባል ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የምትመጣው ጣሪያ የሌላት፣ ሰማያዊ ቀለም ላይ ነጭ መስመር ያላት፣ ጎኗ ላይ ወፍራም ጭስ ማውጫ የተዘረጋላት መኪና ናት። ኦሪጂናሏ ግን አትቀመስም። በ1960ዎቹ የተሠሩት በጠቅላላው አንድ ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዋ፣ ሲኤስኤክስ 2000 የሚል ቁጥር ያላት፣ በ2016 ሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በጨረታ በ13.75 ሚሊዮን ዶላር ተሸጣለች። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ካልገለጽኩ በስተቀር የፈረንጆች ናቸው።) ስለዚህ ዛሬ መንገድ ላይ የምታልፍ ኮብራ ካያችሁ ሬፕሊካ፣ ማለትም ኦሪጂናሏን አስመስለው የሠሯት የመሆን ዕድሏ በጣም ሰፊ ነው።

ሬፕሊካ መሆን ነውር አይደለም። በገዛ እጅ ተሠርታ የተነሳች ሬፕሊካ የሚያኮራ ነገር ናት። ግን ሬፕሊካና ሬፕሊካ ይለያያል። አንዷን ስታዩ ልብ ይደነግጣል። ሌላዋ ውድ ቀለም ተቀብታ፣ ክሮሟ እያብለጨለጨ፣ የሆነ ነገር ይጎድላታል። ምን እንደሆነ ለመናገር ያስቸግራል፤ ብቻ ያስታውቃል። እኔ እንደማየው ጉድለቱ ሁልጊዜ ከሁለት ነገሮች አንዱ ነው። ወይ ቅርጿ ተዛብቷል፣ ወይ የተለያዩ ኮብራዎች ዕቃ አንድ መኪና ላይ ተደባልቋል። ሁለቱም ኪቱ፣ ማለትም ሬፕሊካዋ የምትገጣጠምበት የዕቃ ስብስብ ሲመረጥ የሚሠሩ ስህተቶች ናቸው። በኋላ ማረም ከባድ ነው።

1. መጀመሪያ መኪናዋን ምረጡ፣ ኪቱ ይደርሳል

"ኮብራ እፈልጋለሁ" ብቻውን አይበቃም። የትኛዋን?

ካሮል ሼልቢ በ1959 ፈረንሳይ ውስጥ ለማን በምትባል ከተማ የሚካሄደውን የ24 ሰዓት ውድድር በአስተን ማርቲን ያሸነፈ የቴክሳስ ሰው ነው። በልብ ሕመም ምክንያት ውድድር ካቆመ በኋላ፣ በ1961 ኤሲ ካርስ ለሚባለው የእንግሊዝ ፋብሪካ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ኤሲ "ኤስ" የምትባል ቀላል ስፖርት መኪና ነበረችው። ሼልቢ እሷ ላይ የአሜሪካ ቪ8 ሞተር ይግባ አለ። ኤሲ ተስማማ፣ ፎርድ ሞተሩን ሰጠ፣ በ1962 ኮብራ ተወለደች። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት መልኳ በጣም ተለውጧል። ለመራጭ ሰው ይህ ለውጥ ወሳኝ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው 260፣ ቀጥሎም 289 ኪዩቢክ ኢንች ነበር፤ 289 ማለት 4.7 ሊትር ነው። ጠበብ ያሉ፣ ከፊትም ከኋላም ባሌስትራ ላይ የተቀመጡ መኪኖች ናቸው። ጎናቸው ልስልስ ያለ ነው፣ ፓራፋንጓቸውም ብዙ አልተነፋም። ብዙዎቹ ባለ 72 ስፖክ ቸርኬ ነበራቸው። ሰው "ስላብሳይድ" ይላቸዋል። ለእኔ ከሁሉም ኮብራ ውቧ ይህቺ ናት፤ ጌጥ አታበዛም።

ቀጥሎ የ289 የውድድር ዓይነት፣ የመኪና ውድድር ደንብ በሚያወጣው ዓለም አቀፍ ድርጅት ስም ኤፍአይኤ የምትባለዋ አለች። ለሰፊ ጎማ ሲባል ፓራፋንጓ ተነፍቷል፤ የኋላው እንዲስማማ የበሯ የኋላ ጫፍ ተቆርጧል። የኋላ ኮፈኗ ላይ ደግሞ ሁለት ትንንሽ እብጠቶች አሉ። ጌጥ አይደሉም። የውድድሩ ደንብ መኪናዋ የተወሰነ መጠን ያለው ሻንጣ መያዝ አለባት ይል ስለነበር፣ ሻንጣው እንዲገባ የተደረጉ ናቸው። የኤፍአይኤ ኪት የሚሸጥላችሁ ሰው እነዚህን እብጠቶች ከረሳ ሌላም የረሳው ነገር ይኖራል።

ከዚያ የ1965ቷ 427 መጣች። ሞተሯ 7 ሊትር፣ ባሌስትራው ቀርቶ በሞላ የተተካ፣ ሻንሲዋ አዲስ፣ ዳሌዋ ሰፊ። ሰው ሁሉ የሚያውቃት እሷን ነው። ግን እዚህም ሁለት ዓይነት አለ። የመንገዷ 427 ክሮም ፓራውልት አላት፣ ጭስ ማውጫዋም በአብዛኛው ከሥር ነው። ኤስ/ሲ የምትባለዋ ግን ለውድድር ተሠርታ ገዢ ያጣች መኪና ናት። ኤፍአይኤ መቶ መኪና ተሠርቶ እንዲያይ ይፈልግ ነበር፤ ሼልቢ በጊዜው አላደረሰም። የተረፉት የውድድር መኪኖች ለመንገድ እንዲሆኑ ተስተካክለው ተሸጡ። ቁጥራቸው ወደ 30 ነው። የጎን ጭስ ማውጫ፣ ከሾፌሩ ጀርባ የቆመው ቀስት ብረት፣ በፓራውልት ፈንታ ክሪክ ማስገቢያ ቱቦዎች፣ ሁሉም የእሷ ምልክቶች ናቸው። በዓለም ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሬፕሊካዎች የሚመስሉት እነዚህን ወደ 30 የሚጠጉ መኪኖች ነው።

እንግዲህ ወረቀት አውጡና አንድ ዓይነት ብቻ ጻፉ። ለምሳሌ "የ1965 427 ኤስ/ሲ" ወይም "የ1963 289 የመንገድ"። ከዚህ በኋላ የምትገዙት ዕቃ ሁሉ በዚያ መስመር ይመዘናል። የ289 ስፖክ ቸርኬ 427 ገላ ላይ፣ ወይም የውድድር ቀስት ብረት ከሙሉ ክሮም ፓራውልት ጋር ሲገጠም፣ ስለ ኮብራ የማያውቅ ሰው እንኳ ቅር ይለዋል።

2. ዓይናችሁን አስለምዱ፣ ሜትርም ያዙ

አንድም ሻጭ ጋ ከመደወላችሁ በፊት የኦሪጂናሏን ፎቶ በብዛት እዩ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ። የኦሪጂናሏ መሆኑን አረጋግጡ፤ ኢንተርኔት ላይ ያለው የኮብራ ፎቶ አብዛኛው የሬፕሊካ ነው። የታወቁ የጨረታ ቤቶች የሚያወጧቸው ፎቶዎች የመኪናዋ የሻንሲ ቁጥር ስለሚጠቀስባቸው ይታመናሉ።

ቁጥሮቹ እነዚህ ናቸው። በፊትና በኋላ ጎማ መሐል ያለው ርቀት 90 ኢንች፣ ማለትም 228.6 ሴንቲ ሜትር ነው። በ289ም በ427ም ያው ነው። የ289 ስፋት 155 ሴንቲ ገደማ ነው፤ የ427 ደግሞ 173 ገደማ። የ427 ርዝመት 396 ሴንቲ አካባቢ ነው። አንዳንድ ኪቶች የሌላ መኪና ሞተርና ዲፈረንሻል እንዲገባ፣ ወይም ለእግር ቦታ እንዲሰፋ ተብሎ ተለጥጠዋል። ሻጩን የመጀመሪያ ጥያቄ ይህን ጠይቁት፦ "በጎማዎቹ መሐል ያለው ርቀት ስንት ነው?" 90 ካላለ ምክንያቱን ያስረዳ።

ቁጥሩ ልክ ቢሆንም ቅርጹ ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ መኪናዋን በአካል ስታዩ ፎቶ አንሱ። ቀርባችሁ በስልክ ካነሳችሁ አፍንጫዋ ያብጣል፣ ወገቧ ይቀጥናል፤ ፎቶው ይዋሻል። ጥቂት ሜትር ወደ ኋላ ራቁ፣ ዝቅ በሉ፣ ዙም አድርጉና አንሱ። ከዚያ ከኦሪጂናሏ ፎቶ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡት።

መጀመሪያ አፏን እዩ። አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ሲሰፋ ወይም ማዕዘኑ ሲሾል የመኪናዋ ፊት በሙሉ ይለወጣል። ቀጥሎ የፊት መስታወቱ። የኦሪጂናሏ ዝቅ ያለና ወደ ኋላ ዘንበል ያለ ነው። ከፍ ብሎ ቀጥ ካለ መኪናዋ ጀልባ ትመስላለች። ከዚያ የኋላ ፓራፋንጎው ከበሩ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እዩ። ኩርባው በቀስታ መነሳት አለበት፤ እዚያ ጋ ሰበር የሚል መስመር ካለ ቅርጹ የተወሰደው ከሬፕሊካ ሬፕሊካ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እንዲህ ዓይነት ቅጂ በተደጋገመ ቁጥር ይደነዝዛል።

ትንንሾቹን ነገሮችም አትለፉ። የኦሪጂናሏ በር ከውጭ እጀታ የለውም። ኮፈኗ ቲ ቅርጽ ባላቸው ትንንሽ እጀታዎች ይዘጋል።

3. ገላዋ ከምን ተሠራ?

ኦሪጂናሏ አሉሚኒየም ናት። አብዛኛው ኪት ፋይበር ግላስ ነው። ማግኔት ይዛችሁ ብትሄዱ አይጠቅማችሁም፤ ሁለቱንም አይዝም። በጣት አንኳኩ፣ ፓራፋንጎው ሥር እጃችሁን ሰዳችሁ ዳስሱ። ፋይበር ግላስ ከሥር ሻካራ ነው፣ ክሩም ይታወቃል።

አሉሚኒየም የሚፈልግ ሰው ዩታ ግዛት፣ ፕሮቮ ከተማ ያለውን ከርክሃም ሞተርስፖርትስን ያገኛል። ገላውን ያሠሩ የነበረው ፖላንድ ውስጥ፣ ድሮ ሚግ አውሮፕላን ይሠራበት በነበረ ፋብሪካ ነው። ሥራቸው ድንቅ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው።

ለብዙ ሰው ግን ጥሩ ፋይበር ግላስ ይበቃል። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ረጅም የመብራት ዘንግ ካለበት ጋራዥ ውስጥ እዩት። ጎንበስ ብላችሁ የመብራቱ መስመር በሩ ላይና ፓራፋንጎው ላይ ሲያንጸባርቅ ተከተሉት። መስመሩ ከተንቀጠቀጠ ገላው ሞገድ አለው ማለት ነው፤ ያንን ለማስተካከል ብዙ ስቱኮና ብዙ የሰው ጉልበት ይፈጃል። በሩን ክፈቱና ዝጉ፣ ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች አንድ መሆኑን እዩ። አዲስ ገላ ከመቀባቱ በፊት ለሳምንታት ፀሐይና ሙቀት እያገኘ ቢቆይ ይመረጣል። ቶሎ ከተቀባ፣ በኋላ ገላው ሲሟሽሽ ጉድለቱ ከቀለሙ ሥር ይታያል።

4. ኪቱ እስከ ምን ድረስ ተሠርቶ ይመጣል?

እዚህ ላይ ስለ ራሳችሁ ጊዜና ችሎታ እውነቱን መነጋገር ያስፈልጋል።

ሙሉ ሥራውን በእጄ ልሥራ ለሚል ማሳቹሴትስ ውስጥ ዋርሃም ያለው ፋክቶሪ ፋይቭ አለ፤ በ1995 የተመሠረተ ነው። ሻንሲና ገላ በሳጥን ይልካሉ፣ የቀረውን የፎርድ መስታንግ ዕቃ ተጠቅሞ መጨረስ ይቻላል። መመሪያቸው ግልጽ ነው፣ የሚረዳዳው ባለቤትም ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሱፐርፎርማንስ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚሠራ፣ ቀለሟም ወንበሯም አልቆ ሞተርና ካምቢዮ ብቻ የሚቀራት መኪና ያቀርባል። ከሼልቢ ኩባንያ ፈቃድ አለው። ከሁሉም በላይ ለእውነተኛነት የሚጨነቅ ሰው ኮነቲከት ውስጥ የተጀመረውን ኢአርኤ የተባለውን ሥራ ይይ። እንግሊዝ ያሉት እነ ዳክስ ለረጅም ዓመታት የጃጓርን የኋላ ክፍል ሲጠቀሙ ኖረዋል። የራሷ የኦሪጂናሏ 427 ዲፈረንሻል ሳሊስበሪ ነው፣ ጃጓርም ይጠቀም የነበረው የዚያኑ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ከሥር ስትታይ ትክክል ትመስላለች። 289 የሚፈልግ ሰው እዚያው እንግሊዝ ሃውክ ካርስን ይጠይቅ።

ከመምረጣችሁ በፊት የእያንዳንዱን ኪት ባለቤት በአካል አግኙ። ሥራውን ከጨረሰ ሰው ይልቅ መሐል ላይ ያለውን አናግሩ። ዕቃው የቱ ጋ እንዳልገጠመ ትዝታው ትኩስ ነው።

5. ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ሞተር

ኮብራ ቆማ ኮፈኗ ካልተከፈተ የሚያልፍ ሰው የለም። የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የማቀጣጠያው ዲስትሪቢዩተር ያለበትን ቦታ ነው። በነዚህ የፎርድ ቪ8 ሞተሮች ከፊት ነው። በዘመኑ የሸቭሮሌት ቪ8 ላይ ከኋላ፣ ሾፌሩ ጋ ነው። ሸቭሮሌት የገባባት ኮብራ ጥሩ ትነዳ ይሆናል፤ ኮብራ ግን አትመስልም።

የ427 እውነተኛ ሞተር የፎርድ ኤፍኢ ቤተሰብ ነው። መለያው አየርና ነዳጅ የሚያስገባው ማኒፎልድ ሰፊ መሆኑ ነው፤ ጎንና ጎኑ የቫልቭ ክዳኖቹ ሥር ድረስ ይገባል። ክዳኑ በከፊል ቴስታታው ላይ፣ በከፊል ማኒፎልዱ ላይ ነው የሚቀመጠው። ይህን አንዴ ካያችሁ በሌላ ሞተር አትሸወዱም። ከባድና ውድ ነው። ብዙ ሰው በምትኩ 351 ዊንድሶር የተባለውን አስፍቶ 427 ኪዩቢክ ኢንች ያደርሰዋል። ቀላል ነው፣ ኃይሉም አያንስም። በጀት ከጠበበ እኔም የምመክረው ይህን ነው። አዲሱ የፎርድ ኮዮት ሞተር ለመንዳት እጅግ ጥሩ ነው። ግን ቴስታታው በጣም ሰፊ ነው፣ ኮፈኑ ሲከፈት ዘመኑ ወዲያው ይታወቃል። ለ289 ምርጫው ቀላል ነው፤ 289 ወይም ወንድሙ 302 ከውጭ አንድ ናቸው ማለት ይቻላል።

6. ቸርኬና ጎማ

ብዙ ሬፕሊካ የሚበላሸው እዚህ ነው። ኦሪጂናሏ ላይ የነበረው 15 ኢንች ቸርኬ ነው፣ ጎማውም ወፍራም ግድግዳ አለው። የ427 ኤስ/ሲ ሃሊብራንድ ቸርኬ ከፊት 7.5፣ ከኋላ 9.5 ኢንች ስፋት አለው። 18 ኢንች ቸርኬ ቀጭን ጎማ ለብሶ ሲገጠም ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ መኪናዋ የዛሬ ትሆናለች።

የ15 ኢንች ጉዳቱ ሁለት ነው። ትልልቅ ዘመናዊ ዲስክ ፍሬን ውስጡ አይገባም፣ ጥሩ የሚይዝ የጎማ ምርጫም ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍሬኑን ከማዘዛችሁ በፊት የቸርኬውን ነገር ጨርሱ። ኦሪጂናሏ መሐሉ ላይ ባለ አንድ ትልቅ ጆሮ ያለው ቡሎን ትታሰር ነበር። ኪቶች ላይ ብዙ ጊዜ አምስት ተራ ቡሎን ይታሰርና ከላይ ጆሮው ለይምሰል ይለጠፋል። ከሩቅ አይለይም፣ ገንዘብ ይቆጥባል። ቅር አይበላችሁ።

7. ገብታችሁ ተቀመጡባት

ዳሽቦርዱ ጥቁር፣ መሪው ትልቅ፣ ቀጭንና የእንጨት ይሁን። የ427 መለኪያዎች በአብዛኛው ስሚዝስ የሚባሉት ናቸው። የ427 የፍጥነት መለኪያ አንድ የሚገርም ጠባይ አለው፤ መርፌው የሚዞረው ወደ ግራ፣ ከተለመደው በተቃራኒ ነው። ተመሳሳዩ ተሠርቶ ይሸጣልና ጠይቁ። የማርሽ ዘንጉም ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እነዚህን ሁለት ብቻ ብታሟሉ ውስጧ ግማሽ መንገድ ሄደ።

ከዚያ ጫማችሁን እንዳደረጋችሁ ግቡ። የእግር ማስቀመጫው ጠባብ ነው፣ ፔዳሎቹም ወደ አንድ ጎን ያዘነብላሉ። ትልቅ እግር ያለው ሰው ፍሬንና ነዳጅ አንድ ላይ ሊረግጥ ይችላል። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ጉልበታችሁ መሪውን መንካት አለመንካቱን እዩ። የጎን ጭስ ማውጫ ካላት ስትወርዱ ተጠንቀቁ። ቱቦው ልክ እግር በሚያልፍበት ቦታ ነው፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ ይፋጃል። ቁምጣ ለብሶ መውረድ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠባሳ ይተዋል። ልጆች ካሉ መከለያ ይገጠም።

8. ሊብሬው ሳይታወቅ ገንዘብ አይወጣም

አሜሪካ ውስጥ የኪት መኪና ምዝገባ እንደየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በዓመት ለ500 መኪኖች ብቻ የሚሰጥ ልዩ የጭስ ፈቃድ አላት፤ ዓመቱ ሲጀምር መሰለፍ ነው። ሞተር ገብቶላት ያለቀች ሬፕሊካ ከፋብሪካ መግዛት የሚፈቅድ የፌደራል ሕግ በ2015 ወጥቷል። አንድ አምራች በዓመት እስከ 325 መኪና መሸጥ ይችላል፤ የምትመስለው መኪና ቢያንስ 25 ዓመት የሆናት መሆን አለባት። እንግሊዝ አገር አይቪኤ የሚባል ምርመራ አለ። እዚያ ሹል የብረት ጠርዝ ሁሉ ይለካል። የክፍሎቿ ዕድሜ በሰነድ ካልታወቀ በኪው ፊደል የሚጀምር ታርጋ ይሰጣታል። አገር ቤት ልላክ ለሚል ደግሞ፣ ኢትዮጵያ ከ2016 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከልክላለች።

የትም ሆናችሁ የእያንዳንዱን ዕቃ ደረሰኝ አስቀምጡ። መዝጋቢውም ኢንሹራንሱም ይጠይቃል። ኢንሹራንስ ስትገቡ ዋጋዋን አስቀድማችሁ የምትስማሙበትን ዓይነት ምረጡ፣ ያለዚያ የአሮጌ መኪና ዋጋ ይሰጧችኋል። ሊብሬው ላይ ሬፕሊካ መሆኗ ይጻፍ። የኦሪጂናሏን የሲኤስኤክስ ቁጥር የሚመስል ሳህን ለጥፎ የሚሸጥ ካጋጠማችሁ አትግዙ። የእውነተኞቹ ቁጥሮች ተመዝግበው የተያዙ ናቸው፣ ነገሩ ፎርጅድ ከመሆን አልፎ ወንጀል ነው።

9. ማዘዝና መረከብ

በጀታችሁን ስታወጡ የኪቱን ዋጋ እንደ መነሻ ብቻ ያዙት። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬና ቀለም ሲጨመር ሲያንስ እጥፍ ይሆናል። ቀለም ብቻውን ብዙ ሰውን ያስደነግጣል። ያንን መሸከም የሚያስቸግር ከሆነ ሌላ ሰው ጀምሮ የተወውን ኪት መፈለግ ጥሩ ነው። ጋራዥ ውስጥ ዓመታት የቆዩ ግማሽ ሥራዎች በርካሽ ይገኛሉ። የባለቤትነት ሰነዱ መኖሩን ብቻ አስቀድማችሁ እዩ።

አዲስ ካዘዛችሁ ውሉ ላይ በአንደኛው ደረጃ የጻፋችሁት የመኪና ዓይነት በስሙ ይግባ። የበሩ፣ የፓራፋንጎው፣ የኮፈኑ ዓይነትም እንዲሁ ይዘርዘር። ሳጥኖቹ ሲመጡ ሾፌሩ ቢቸኩልም ገላውን ዞራችሁ እዩ፣ ስንጥቅ ካለ ፎቶ አንስታችሁ መረከቢያው ላይ ጻፉ። ትንንሹን ዕቃ በዝርዝሩ መሠረት ቁጠሩ። ያልደረሰውን በተመሳሳይ ሳምንት ለፋብሪካው አሳውቁ፤ ከወራት በኋላ የጎደለ ቡሎን የሚያምን የለም።